ስለ ጢሞቴዎስ ሕመምና ስለ ጎንደር ዋንጫ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፥ በምዕራፍ 5 ቍጥር 23፥ ደቀ መዝሙሩ ከውሃ በቀር ሳይጠጣ መኖሩን ትቶ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ደዌው ወይን በጥቂቱ እንዲቀምስ ይመክረዋል። ይህች ቃል በግብር ቤት ብዙ ጊዜ ትጠቀሳለች፤ ሕመምተኛው ዋንጫውን ሲመልስ ጋባዡ ጳውሎስን ምስክር ጠርቶ ይሞላበታል። ነገር ግን ሐዋርያው የመከረው ጠጪን አይደለም፥ ከመጠጥ ፈጽሞ የራቀውን ነው እንጂ። አንድም፥ በሮማውያን ዘመን ወይን በውሃ ተበርዞ ይጠጣ ነበርና ከዛሬው አረቄ ጋራ አይመዛዘንም።

በጎንደር መድኀኒትና መጠጥ ከጥንት ጀምረው ጎረቤት ናቸው። ኮሶ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣ ነበር። (ዓፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው መሰደባቸውን የማያውቅ የለም፤ ሰዳቢው ግን እርሱም ኮሶ ሳይጠጣ አልኖረም።) ልብ በሉ፤ ኮሶ የአንድ ቀን መድኀኒት ነው። ጠጥቶት፥ ትሉን አውጥቶ፥ በማግሥቱ ወደ ማዕዱ የሚመለስ ሰው ጠላው ብዙም አይጐዳውም። ልማዳችን የተሠራው በዚህ ነው።

የማይለቅ ደዌ ግን ሌላ ነው። ታላቁ ኢያሱ የቈዳ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ ሐኪም ፍለጋ ወደ ምስር ላኩ፤ ፈረንሳዊው ፖንሴም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1699 ጎንደር ገብቶ አከማቸው። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን በዚሁ አቈጣጠር ነው።) በንጉሡ ቤት ጠጅ ጠፍቶ አልነበረም፤ ሐኪም እንጂ።

ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማውን በያዙ ጊዜ ዛሬ ፒያሳ የምንለውን ሠፈር ሠሩ፤ የጠርሙስ መጠጥም በየቡና ቤቱ ተለመደ። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ፤ በ2000 ደግሞ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ በዚያው ከተማ ተቋቋመ። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኀኒት በኢትዮጵያ ያለ ዋጋ መታደል ጀመረ። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ፥ መድኀኒቱን ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የሚውጥ ሰውና የማይጐድል ዋንጫ ተገናኙ።

ጕዳቱ እንዲህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ለወራት ከሚወስዳቸው መድኀኒቶች አንዱ ኢሶኒያዚድ ጕበትን ሊጐዳ ይችላል፤ መጠጥም ያንኑ ጕበት ይመታል። የኤች አይ ቪ መድኀኒት የሚወስድ ሰው በስካር ሰዓቱን ከዘነጋ፥ ደዌው መድኀኒቱን ይለምደውና ይበረታበታል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ተወግቶ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፥ በባዶ ሆዱ ጠላ ቢጠጣ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ራሱን ይስታል፤ ባጠገቡ ያሉትም ሰክሮ ነው ብለው ይተዉታል። በዚህ የሚሞት አለ።

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ሕመምተኛው ደዌውን ሰውሮ በማኅበርና በተዝካር ይቀመጣል፤ ዋንጫውን ቢመልስ ምሥጢሩ ይገለጥበታልና እየፈራ ይጠጣል። ካህኑ መርቆ የሰጠውን እንቢ ማለትማ እንዴት ይሆንለታል? የንስሐ አባት ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ጋባዡም በሞሰቡ ፊት ሰውን ለምን አትጠጣም ብሎ መመርመር አይገባውም፤ እኔ እንዲህ ያለውን ምርመራ ከነውር እቈጥረዋለሁ።

ደግሞም ለብዙ ዘመን በየቀኑ አብዝቶ የጠጣውን ሕመምተኛ፥ ከዛሬ ጀምረህ ተው ብሎ በግዝት ማሰር አደጋ አለው፤ በድንገት ሲቋረጥበት መንቀጥቀጥና መውደቅ ይመጣበታልና። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘዘውን አስቦ ወደ ሐኪም ቤት መላክ ይሻላል። በማዕድ ላይ ግን አባቶቻችን ለማይጠጣ እንግዳ ብርዝ ያቀርቡ ነበር፤ ያ ልማድ ይመለስ። ለስኳር ሕመምተኛ ብርዙም ማር ነውና፥ ጢሞቴዎስ ይጠጣው የነበረው ውሃ በንጹሕ ዋንጫ ይቅረብለት።