ከተርጓሚው እጅ እስከ አንባቢው እጅ

ከእናንተ ከወጣቶች መካከል ግጥም፣ መዝሙር ወይም ልብ ወለድ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ማታ የጻፋችሁትን እዚያው ማታ በቴሌግራም ትለቁታላችሁ፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመዳችሁም ወዲያው ያነበዋል። «ታዲያ አሳታሚ ምን ያደርግልናል?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። መልሱን የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከታተመበት ታሪክ እንፈልገው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ አብርሃም የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ይኖሩ ነበር። የውጭ ጸሐፊዎች አቡ ሩሚ ይሏቸዋል። በዚያ ከፈረንሳይ ቆንስላ ሹሙ ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው ይሠሩ ነበር። እንዲህ እያሉ 10 ዓመት ቆዩ። በመጨረሻም 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ተጠናቀቀ።

አባ አብርሃም ግን ሥራቸው ታትሞ ሳያዩ አረፉ። የደከሙበት ጽሑፍ አንባቢ ሳያገኝ በአንድ ሰው ቤት ተቀመጠ። እሳት ወይም ብል ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ማን ያነሣ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆወት የተባለ ሚሲዮናዊ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት የተባለ ሊቅ ለኅትመት አዘጋጀው። ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በ1830 ሳሙኤል ጎባት የታተሙትን ወንጌሎች ይዞ ጎንደር ድረስ በመሄድ ለሰዎች አደለ።

እስቲ ልብ በሉ። ማኅበሩ የሠራው ማባዛትን ብቻ አይደለም። ገና አንባቢ ባልነበረው ሥራ ላይ ገንዘቡን አወጣ። ከተርጓሚው ሌላ የሆነ ዓይን መስመር በመስመር እንዲያየው አደረገ። ጽሑፉን ከገዛ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ሳይተወው እስከ ፍጻሜ አደረሰው።

ኢንተርኔት ማባዛቱንና ማድረሱን አቅልሎልናል፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። አምኖ ወጪ መሸፈን፣ ማረምና ታግሦ መከታተል ግን ዛሬም ሰው ይፈልጋሉ። አሳታሚም ይሳሳታል፤ ጥሩ ጽሑፍ የሚመልስበት ጊዜ አለ። በራሳችሁ ማሳተም ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ግን የአሳታሚው ሸክም በእናንተ ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አትርሱ።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ጽሑፋችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት፣ «ግሩም ነው» ለሚላችሁ ወዳጅ ሳይሆን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡት። የወጣት ኅብረታችሁም እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት አራሚዎችን ይምረጥ። ጽሑፋችሁ አንድ ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ አባ አብርሃም የጻፉት ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶም ደርሷል።