ፋንታሲያ (የካርቱን ፊልም)

ፋንታሲያ ዋልት ዲዝኒ ያዘጋጀው፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ የካርቱን ፊልም ነው። በስምንት የክላሲካል ሙዚቃ ሥራዎች ላይ የተመሠረተ ሲሆን አብዛኞቹን የተጫወተው በሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ የሚመራው የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ነው። በተለመደው ፊልም ሙዚቃ ሥዕልን ያጅባል፤ እዚህ ግን ሙዚቃው ቀድሞ ተቀርጾ ሠዓሊዎቹ እሱን እየሰሙ ሣሉ።

ከሁሉም የታወቀው ክፍል ፈረንሳዊው ፖል ዱካ በ1897 የጻፈው «የአስማተኛው ተለማማጅ» ነው። ሚኪ ማውስ የጌታውን ቆብ ደፍቶ መጥረጊያውን ውኃ ያስቀዳዋል። ማስቆሚያውን ግን አያውቅም። ባሱን የተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ የመጥረጊያውን አረማመድ ይዞ ይሄዳል። ሚኪ በመጥረቢያ ሲፈልጠው ኦርኬስትራው ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ ከታች አንድ ጎርናና ድምፅ ሲነሣ ስንጥሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዜማ እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣና እንደሚበዛ ለልጅ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል።

ፊልሙ በጊዜው ወጪውን አልመለሰም፤ የአውሮፓ ገበያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የስትራቪንስኪ «የፀደይ ሥርዓት» በዳይኖሰሮች ታጅቦ ተቆራርጦ መቅረቡም አቀናባሪውን አላስደሰተም፤ ቅሬታው ተገቢ ነበር። ተከታዩ «ፋንታሲያ 2000» በ1999 መጨረሻ ቀረበ።

ፊልሙን ለልጆች የሚያሳይ ወላጅ ወይም መምህር በማግስቱ ሙዚቃውን ብቻ፣ ያለ ሥዕል ያሰማቸው።