«ተሻርክ!» አትበሉት

ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያው፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ የምንለው፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ደክሜ ገብቼ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ መጣና ሆዴን በእርግጫ መታኝ። እኔም ሳላስበው እግሩን ቸብ አደረግኩት። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት አለቀስን።

ምክንያቱን የነገረችኝ ሞግዚቱ ናት። የዚያን ዕለት ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች «በቃ ተሻርክ! ጡትህንም አልጋህንም ሊቀማህ ነው» እያሉ ሲያጫውቱት ነበር። እኔም በሰው ልጅ ላይ ስንቴ እንዲህ ቀልጃለሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ቀልድን ከቁም ነገር አይለይም።

ጡቱንማ በእርግጥ ተቀምቷል። አማቴ «የእርጉዝ ወተት ያስቀምጠዋል» ስላሉኝ በአራተኛው ወር እሬት ቀብቼ በአንድ ቀን አስጣልኩት። በኋላ ሐኪሜን ስጠይቃት እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ማጥባት በአብዛኛው እንደማይከለከል አስረዳችኝ። ደም የሚፈሳት፣ መንታ ያረገዘች ወይም ከዚህ በፊት ያለ ጊዜዋ የወለደች እናት ግን ሐኪም ማማከር አለባት። የወተቱ መጠንና ጣዕም በእርግዝና ስለሚለወጥ ብዙ ልጆች ራሳቸው ይተዉታል። ማስጣል ካስፈለገም ቀስ በቀስ፣ በመጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የማታውን ማስቀረት ይሻላል። እኔ አሁን ቢሆን እሬት አልቀባም።

የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ቀጣዩን ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። እኛ ሁለት ወር ቀድመናል። ምክሩ በዋናነት ለእናትና ለሕፃናት ጤና ቢሆንም፣ ለታላቁም ልጅ ጊዜ ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ ስሜት አለ፣ ስሜቱን የሚገልጽበት ቃል ግን ገና ነው። ራስን ለመግታት የሚያግዘው የአንጎል የፊት ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ተንከባሎ የሚጮኸውን ልጅ ባለጌ ማለት አይገባም።

አሁን ሲማታ እጁን ለዘብ አድርጌ ይዤ «መምታት የለም፤ ያመኛል» እላለሁ። በቃ፤ ስብከት አልጨምርም። ተናዶ እንደሆነም በቃል እነግረዋለሁ። በሆዴ ያለው በእንሽርት ውሃ ስለተከበበ የልጅ እርግጫ በአብዛኛው አይጎዳውም፤ ነገር ግን ምቱ ከባድ ከሆነ፣ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የተጠነቀቅኩት አንድ ነገር አለ። «ሕፃኑ ስላለ ላዝልህ አልችልም» አልልም፤ «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በልና ልቀፍህ» እላለሁ። ጥፋቱን ገና ላልተወለደው ካሸከምነው ቅናቱን ራሳችን አስተማርነው ማለት ነው። «ከሦስት ወር በኋላ» ማለትም ለእሱ ትርጉም የለውም፤ «ክረምቱ ሲገባ» ብለነዋል።

አልጋ መቀየርና መዋዕለ ሕፃናት ማስገባት ከወሊዱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ካልሆነም ሕፃኑ ከተላመደ በኋላ ይሁን። ፖፖ ለምዶ የነበረ ልጅ ሱሪው ላይ ቢሸና ወይም ጡጦ ቢጠይቅ አትደንግጡ፤ ያልፋል። እኛ ቤት ፖፖውን ለጊዜው ትተነዋል።

አባትየው ከአሁኑ እንዲያጥበውና እንዲያስተኛው አድርገናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ስታገኝ፣ ለአባት የተሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በሦስት ቀን ገንፎው እንኳ አያልቅም! ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን ለዚያ አስቀምጧል።

ማሙሽ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሕፃኑ አልጋው ላይ፣ የእኔም እጅ ባዶ እንዲሆን ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ብቻቸውን አንተዋቸውም። ጠያቂዎችም መጀመሪያ ታላቁን ሰላም እንዲሉ ከአሁኑ እየለመንኩ ነው። ጎረቤቶቼ ትንሽ ቅር ቢላቸውም ተስማምተዋል።

ትናንት ማሙሽ ሹራቤን ገልጦ ሆዴ ላይ ብስኩት አስቀመጠ። «ይብላ» አለኝ። ጥቂት ጠበቀና መልሶ አንስቶ ራሱ በላው።