ቀኖናው የማን ነው? የጠፈር ውጊያ ጨዋታዎችና የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ክርክር



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ በታሪክ ትምህርት አዳራሽ ዘወትር የሚሰማ አይደለም። ጨዋታ፣ ያውም በልብ ወለድ የተፈጠሩ የጠፈር መርከቦች የሚታኰሱበት ጨዋታ፣ ከምሁራን ጉባኤ ምን አገናኘው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ሆኖም ጉዳዩ የታሪክ ባለሙያን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የአንድን ታሪክ ብዕርም ሆነ ሕጋዊ መብት በእጃቸው ያልያዙ ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ እውነት የሚባለውን በመወሰን ረገድ እንዴት ድርሻ እንዳገኙ፣ ያ ድርሻ መቼና በማን እንደተነጠቀ የሚያሳይ ነውና። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ቀኖና» ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስቡት የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ወይም ንስሐ አባት የሚሰጠውን ነው። ከዚያም 81ዱን ቅዱሳት መጻሕፍት ታስባላችሁ። ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ይዘታቸው በግእዝ ተጠብቆ እኛ ዘንድ ሲቈጠሩ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ከቍጥር ውጭ አድርገዋቸዋል። ስለዚህ የቀኖና ድንበር ለሁሉም አንድ አለመሆኑን ከገዛ ቤታችን እናውቀዋለን። ቃሉ ወደ ዘመናዊ ልብ ወለድ የገባው ግን በቀልድ ነበር። ሮናልድ ኖክስ በ1911 በኦክስፎርድ ባቀረበው ጽሑፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎችን ዘዴ በሸርሎክ ሆልምስ ታሪኮች ላይ እያዋለ ተሳለቀበት። አንባቢዎች ግን ቀልዱን ወደዱት፤ ቈይተውም የምር አደረጉት። አርተር ኮናን ዶይል የጻፋቸው 60 ታሪኮች «ቀኖና» ተባሉ። ሌላው ሁሉ ከደጅ ቀረ። ንጽጽሩ ከቃሉ አልፎ እንዲሄድ አልሻም፤ ማንም ነፍሱን ለሆልምስ አላስያዘም።

የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሲጀመር ይህ ጥያቄ ጨርሶ አልነበረም። በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ፒዲፒ-1 በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። ሁለት መርከቦች በስበት በምትጐትት ኮከብ ዙሪያ ይታኰሳሉ። ወጣቶቹ የኢ. ኢ. ስሚዝ የጠፈር ጀብዱ ልብ ወለዶች አፍቃሪዎች ነበሩ። የወሰዱት ግን መንፈሱን እንጂ ስሞቹን ስላልነበረ ጨዋታው ለስሚዝ መጻሕፍት ታማኝ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከር አልተነሣም።

ነገሩ የተለወጠው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ከ79 ክፍሎች በኋላ በ1969 ተቋርጦ ነበር። በ1971 ማይክ ሜይፊልድ የተባለ የካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቤዚክ ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ጻፈ። ተጫዋቹ የኢንተርፕራይዝን መርከብ እየመራ፣ ስምንት በስምንት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ዳግመኛ ስምንት በስምንት በተሸነሸነ ጠፈር ውስጥ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የክሊንጎንን መርከቦች አድኖ ማጥፋት አለበት። ውጤቱ በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። ፈቃድ የጠየቀም የሰጠም አልነበረም። ዴቪድ አል በ1973 ባሳተመው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ አካተተው፤ የዚያው መጽሐፍ የ1978 እትም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው የኮምፒውተር መጽሐፍ ለመባል በቃ። አንባቢው ፕሮግራሙን መስመር በመስመር በእጁ ይተይባል፤ እየተየበም ይለውጠዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የክርክሩ ሥር ያለው ከዚህ ነውና። የቴሌቪዥን ደራሲ «ጋሻችን እየደከመ ነው» ብሎ ማለፍ ይችላል። ተመልካቹም ይጨነቃል፤ ሥራው ተፈጸመ። ፕሮግራም ጸሐፊው ግን ጋሻው ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ መጻፍ ግዴታው ነው። ቍጥር ካልተጻፈ ጨዋታ የለም። ቍጥሩ በተጻፈ ቅጽበት ደግሞ «ከየት አመጣኸው?» የሚል ይመጣል። ስለዚህ የዘመናዊው ልብ ወለድ የቀኖና ክርክር የተፋፋመው በሥነ ጽሑፍ ሐያስያን ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ የነበረባቸው ተጫዋቾችም ገፍተውታል። ሰነዱን ዘርግቶ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» የሚለው የአንድምታ ሊቅ የሚሠራውን የሚመስል ሥራ ይሠሩ ነበር።

ቍጥርና ንድፍ ፍለጋው ሁነኛ ሰው ያገኘው በፍራንዝ ጆሴፍ ሽናውቤልት ነው። ይህ ሰው ሳን ዲዬጎ ውስጥ በአውሮፕላን ኩባንያ በንድፍ ሥራ ያገለገለ ባለሙያ ነበር። በ1973 ግድም ልጁ አባል በሆነችበት የአፍቃሪዎች ማኅበር የተነሣ ወደ ጉዳዩ ገባ። አፍቃሪዎቹ የሠሯቸውን የመሣሪያ ቅጂዎች ሲያይ እንደ ባለሙያ ልኩን የጠበቀ ንድፍ ሊሥልላቸው ተነሣ። በ1975 የኢንተርፕራይዝ መርከብ ንድፍ በ12 ሉሆች ታተመለት፤ በዚያው ዓመት «የስታር ፍሊት ቴክኒካዊ መመሪያ» የተባለው መጽሐፉ በባላንታይን ማተሚያ ቤት ወጥቶ በሰፊው ተሸጠ። በቴሌቪዥኑ ላይ ከምድራውያኑ ወገን በዋናነት የሚታየው አንድ ዓይነት የጦር መርከብ ነበር። እርሱ ግን ባሕር ኀይል በአንድ ዓይነት መርከብ አይቆምም ብሎ አጥፊ፣ ቃኚ፣ ጫኝና ሦስት ሞተር ያለው ግዙፍ የጦር መርከብ ጨመረ፤ ስምና ቍጥርም ሰጣቸው።

በ1979 ስቲቨን ኮል ከቴክሳሷ አማሪሎ ከተማ «ስታር ፍሊት ባትልስ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ያወጣው የፍራንዝ ጆሴፍን ሥራ መሠረት ባደረገ ፈቃድ ነበር። ሰሌዳው በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተሞላ ነው፤ መርከቡም በስድስት አቅጣጫ ስድስት ጋሻዎች አሉት። ተጫዋቹ በየዙሩ መጀመሪያ የመርከቡን ኀይል ለፍጥነት፣ ለመሣሪያና ለጋሻ ከፋፍሎ በወረቀት ይመዘግባል፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይጐድላል። የሚደርሰው ጉዳት በዳይስና በሠንጠረዥ ይወሰናል። የሒሳብ ሹም ሥራ የመሰለው ይኖራል፤ እኔ ግን የአዛዥን ጭንቀት በዚህ መልክ ያቀረበ ጨዋታ እምብዛም አይቼ አላውቅም። ጨዋታው በየዓመቱ ሕግ፣ መርከብ፣ መንግሥትና ጦርነት ሲጨምር ሊራንና ሃይድራን የተባሉ፣ ቴሌቪዥኑ የማያውቃቸውን ሕዝቦች ወለደ። በመጨረሻ የራሱ የተሟላ ዓለም ሆነ።

ታዲያ ያ ዓለም እውነት ነበር? በ1979 የወጣውን የመጀመሪያውን የስታር ትሬክ ፊልም ያየ፣ በሬዲዮ ልውውጥ መካከል ፍራንዝ ጆሴፍ የሰየማቸውን መርከቦች ስም ይሰማል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በር መዝጋት ጀመረ። በ1973 እና 1974 የተሠራው 22 ክፍል ያለው የካርቱን ተከታታይ ሳይቀር ከቀኖና ውጭ ተባለ። ራሱ ያሠራው መሆኑ አላዳነውም። ከካርቱኑ ጋር በላሪ ኒቨን በኩል የገቡት ክዚንቲዎች አብረው ተባረሩ፤ በኮል ጨዋታ ውስጥ ግን ጦርነታቸውን ቀጠሉ። የመርከብ ሞተሮች ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው የሚል ሕግም ለሮደንቤሪ ይጠቀሳል። ሕጉ የፍራንዝ ጆሴፍን ባለ ሦስት ሞተር መርከብ ለማስወጣት የወጣ ነው ብለው የሚጠረጥሩ ብዙ ናቸው። ሮደንቤሪ በ1991 አረፈ። በግንቦት 1994 በተላለፈው የሁለተኛው ተከታታይ መደምደሚያ ላይ የወደፊቱ ኢንተርፕራይዝ ሦስት ሞተር ይዞ ብቅ አለ።

ፈጣሪው በፍጥረቱ ላይ መብት የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ተከታታዩ በተቋረጠባቸው ዓመታት ያንን ዓለም በሕይወት ያቆዩት እነማን ነበሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አየር ላይ አዲስ ክፍል ባልነበረበት ጊዜ ፕሮግራም የተየቡት፣ ንድፍ የሣሉትና ሰሌዳ የዘረጉት ናቸው። የማባረሩ ውሳኔ ሲወጣ ያልተጠየቁትም እነርሱው ናቸው።

አፍቃሪዎች ባለቤቱን ያረሙበት ጊዜም አለ። በ«ስታር ዋርስ» ሁለተኛ ፊልም፣ በ1980፣ «ኤግዘኪዩተር» የተባለች ግዙፍ መርከብ 1.6 ኪሎ ሜትር ከሚረዝሙት የጦር መርከቦች አጠገብ ትታያለች። ዌስት ኤንድ ጌምስ በ1987 ፈቃድ አግኝቶ ያወጣቸው የጨዋታ መጻሕፍት ርዝመቷን 8 ኪሎ ሜትር አሉ። ተመልካቾች ፊልሙን ምስል በምስል እያቆሙ ለኩ፤ ከትንሿ መርከብ 11 ጊዜ ያህል እንደምትረዝም አገኙ፤ ይህም 17.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። አንዱ ወገን የታተመው ቃል ይጽና ሲል ሌላው ዓይን ያየው ይብለጥ ይላል፤ ጽሑፍና ቍሳዊ ማስረጃ ሲጋጩ የታሪክ ተመራማሪ የሚገባበት አጣብቂኝ ይኸው ነው። በመጨረሻ የባለቤቱ መጻሕፍት ራሳቸው ቍጥሩን እያሳደጉ ሄደው 19 ኪሎ ሜትር አደረሱት።

የእነዚያው የጨዋታ መጻሕፍት ዕጣ ግን የተለየ ነበር። ቲሞቲ ዛን በ1991 ለጀመረው የልብ ወለድ ተከታታይ መረጃ ይሆኑት ዘንድ ባለቤቱ ኩባንያ የሰጠው እነርሱን ነበር፤ ለተጫዋች የተፈለሰፈ ዝርዝር ወደ ልብ ወለድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያም ዲዝኒ ኩባንያውን በ2012 ገዛ። በኤፕሪል 25 ቀን 2014 በወጣ መግለጫ ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ ሥዕላዊ ታሪክና ጨዋታ ከቀኖና ወጥቶ «ሌጀንድስ»፣ ማለትም አፈ ታሪክ፣ ተባለ። በአንድ ቀን መግለጫ የሃያ ዓመት ንባብ ደረጃው ወረደ። ከተባረሩት መካከል የዛን ገጸ ባሕርይ የሆነው ትሮውን በ2016 በካርቱን ተከታታይ ተመልሶ ገባ፤ የገበያ ፍላጎት ምሕረት አስገኝቶለታል ብል ብዙ አልሳሳትም።

የመጨረሻውን ምሳሌ የምወስደው ባለቤቱ ትቶት ከሄደ ዓለም ነው። «ፍሪስፔስ 2» የተባለው የጠፈር ውጊያ ጨዋታ በ1999 ወጥቶ ገበያ አላገኘም። ሠሪው ቮሊሽን በ2002 የፕሮግራሙን ኮድ ለንግድ እንዳይውል በሚል ገደብ ለሕዝብ ለቀቀ። አፍቃሪዎች ተረክበው ማሻሻል ቀጠሉ፤ በዚያው ኮድ ላይም የሌሎች ዓለማትን ጨዋታዎች ገነቡ። «ባቢሎን 5» ለተባለው ተከታታይ ሊወጣ ታስቦ የነበረው ጨዋታ በ1999 ከተሰረዘ በኋላ የዚያን ዓለም ውጊያ በነጻ የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። «ዊንግ ኮማንደር ሳጋ» ደግሞ ከዓመታት ድካም በኋላ በማርች 2012 ያለ ክፍያ ተሰራጨ።

ይህ የኋለኛው ጨዋታ ታሪኩን ያስቀመጠው ከዋናው ተከታታይ ሦስተኛ ጨዋታ ጎን ለጎን፣ በዚያው ጦርነት ውስጥ በሌላ አብራሪ ዓይን ነው። የሚያስገድዳቸው ውል ሳይኖር፣ የሚከፍላቸውም ሳይኖር፣ ቀድሞ ከተነገረው ጋር እንዳይጋጩ ተጠነቀቁ። የተከታታዩ ፈጣሪ ክሪስ ሮበርትስ ግን በ1999 ራሱ ባዘጋጀው ፊልም የመርከቦቹንም የጠላቶቹንም መልክ ለውጦ፣ ለጨዋታው አፍቃሪዎች የማይታወቅ ዓለም አሳይቷቸው ነበር።