የኢንቴቤ አሮጌው ማማ

በሉጋንዳ ቋንቋ «ኢንቴቤ» ወንበር ማለት ነው። ስሙ የመጣው የባጋንዳ አለቃ ተቀምጦ ይፈርድበት ከነበረው ስፍራ ነው ይባላል። ቋንቋን ከቋንቋ ማገላበጥ እንጀራው ለሆነ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትርጉም ደስ ያሰኛል፤ በእኛም የጥንት ችሎት «ወንበር» ሲባል መቀመጫው ብቻ ሳይሆን ተቀምጦ የሚፈርደውም ሰው ነበርና። ዛሬ ግን ከምሥራቅ አፍሪካ ውጭ ይህን ስም ሲሰማ ሐይቁ ወይም ችሎቱ ትዝ የሚለው ሰው አይገኝም። ኢንቴቤ የአንዲት ሌሊት ስም ሆናለች፤ እርሷም ለሰኔ 27 ቀን 1968 ዓ.ም. አጥቢያ ነች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 3 ወደ 4 ቀን 1976 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከካምፓላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቪክቶሪያ ሐይቅ ሦስት ማዕዘኑን የከበበው አንድ ልሳነ ምድር ላይ ይደርሳል። በየዛፉ ጫፍ እኛ አባ ኮዳ የምንላቸው ራሰ በራ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው ይታያሉ። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። አሮጌው ከዚያ ራቅ ብሎ በወታደራዊ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1952 የአባታቸውን ሞት ኬንያ ውስጥ ሰምተው ወደ ለንደን የተሳፈሩት ከኢንቴቤ ነበር። ዛሬ ስፍራውን የኡጋንዳ አየር ኃይል ይዞታል፤ የተባበሩት መንግሥታት ነጫጭ አውሮፕላኖችም ለዓመታት በዚያው አካባቢ ሲቆሙ ኖረዋል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ገብቶም ካሜራን እንደልብ ማውጣት አይቻልም። ፈቃድ ያላገኘ ጎብኚ አንዳንዴ በሐይቁ ዳርቻ ለመዝናኛ የተቀመጡ ያረጁ አውሮፕላኖችን አይቶ «የተጠለፈው ይኸው ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ተረት ነው። የተጠለፈው ኤርባስ ለባለቤቱ ለኤር ፍራንስ ተመልሶ ከዚያ በኋላም መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሯል።

ታሪኩን ብዙው አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ጁን 27 ቀን 1976 ከቴል አቪቭ በአቴንስ በኩል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ አውሮፕላን በሁለት ፍልስጤማውያንና በሁለት ጀርመናውያን ተጠለፈ። ቤንጋዚ ላይ ነዳጅ ከቀዳ በኋላ ኢንቴቤ አረፈ። የኡጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን ለጠላፊዎቹ አቀባበል አደረገላቸው፤ ወታደሮቹም ጥበቃውን ተጋሩ። እስራኤላውያን ከሌሎቹ መንገደኞች ተለይተው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ሌሎቹ በሁለት ዙር ተለቀቁ። የአውሮፕላኑ አዛዥ ሚሼል ባኮስና ባልደረቦቻቸው ግን መንገደኞቻችንን ጥለን አንሄድም ብለው ቀሩ። በመጨረሻ በአሮጌው ተርሚናል 106 ታጋቾች ነበሩ።

አሚን በዚያው ሳምንት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሊቀመንበርነት ተራ ለማስረከብ ወደ ሞሪሸስ መሄድ ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ጠላፊዎቹ የሰጡት የጊዜ ገደብ ተራዘመ። እስራኤል የፈለገችው ይህንኑ ጊዜ ነበር። ተርሚናሉን የሠራው ሶሌል ቦኔ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ስለነበር የሕንጻው ንድፍ በእጃቸው ነበር። አሚን ራሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገው የፓራሹት ክንፍ የእስራኤል ነበር፤ ሁለቱ አገሮች የተቆራረጡት በ1972 ነው። አራት ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከሻርም ኤል ሼክ ተነሥተው ወደ 4000 ኪሎ ሜትር ተጓዙ። በቀይ ባሕር ላይ ዝቅ ብለው ካለፉ በኋላ መንገዳቸው በኢትዮጵያ ሰማይ ነበር። ያን ሌሊት በምሥራቁ የአገራችን ቆላ ከብቱን በረት አስገብቶ የተኛ ሰው ከራሱ በላይ ምን እንዳለፈ ሳያውቅ አነጋ።

እኩለ ሌሊት ገደማ የመጀመሪያው አውሮፕላን አረፈ። ከሆዱ አንዲት ጥቁር መርሴዲስና ሁለት ላንድሮቨሮች ወጥተው ወደ አሮጌው ተርሚናል ነዱ፤ ለተመልካች የባለሥልጣን አጀብ እንዲመስሉ ነበር። እዚህ ላይ ኡጋንዳዊው ዘበኛ ጠመንጃውን አነሣ። ያ የእጅ እንቅስቃሴ ምን ማለት ነበር? የቡድኑ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ዮናታን ኔታንያሁ «ቁም» ማለቱ ነው ብሎ ተረጐመው፤ ተኩስም ተከፈተበት። ቀደም ሲል በኡጋንዳ የጦር አሠልጣኝ ሆኖ የኖረው ምክትሉ ሙኪ ቤትሰር ግን ይህ የተለመደ ሥርዓት እንጂ ማስፈራሪያ አልነበረም፣ ዝም ብለን ማለፍ እንችል ነበር ሲል ጽፏል። ክርክሩ በእስራኤል ለዓመታት ዘልቋል። እኔ በቦታው ቆሜ የማስበው ስለ ዘበኛው ነበር። ባነበብኋቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለ እጁ ገጽ ሙሉ ተጽፏል፤ ስሙን ግን አላገኘሁም።

ወደ አዳራሹ የገቡት ኮማንዶዎች በድምፅ ማጉያ «ተኙ! የእስራኤል ወታደሮች ነን!» እያሉ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ጮኹ። ከፈረንሳይ ወደ እስራኤል የፈለሰ የ19 ዓመት ወጣት ግን ብድግ አለ፤ ጠላፊ መስሏቸው ወዲያው ገደሉት። በሁለት ቋንቋ የተነገረ ቃል እንኳ ለሁሉም እኩል እንደማይደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ጠላፊዎቹ በሙሉ ተገደሉ። 102 ታጋቾች ነጻ ወጡ፤ ሦስቱ ከተኩሱ የተነሣ ሞቱ። የ30 ዓመቱ ዮናታን በደጃፉ ወደቀ። የመታው ጥይት ከማማው የተተኮሰ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የማይስማሙም አሉ።

ማማው ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚቆጥረውም በግድግዳው ላይ ያሉትን የጥይት ቀዳዳዎች ነው። ይሁንና በዚህ ስፍራ ጦርነት ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 7 ቀን 1979 የታንዛኒያ ጦር አሚንን ለማውረድ ሲገሰግስ ኢንቴቤን በመድፍ ደብድቦ ያዘ። ሙአመር ጋዳፊ ለአሚን ድጋፍ የላኳቸው ሊቢያውያን ወታደሮች በዚያ ነበሩ፤ ከ300 በላይ እንደሞቱ ይገመታል። አንድ የሊቢያ ሄርኩለስም ለመነሣት ሲንደረደር ተመትቶ ተቃጠለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ታጋቾቹን ጭነው የወጡት ዓይነት አውሮፕላን መሆኑ ነው። አጅቦኝ የነበረውን ወጣት ወታደር የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሣቀና «ሁሉም የ76 ነው ይላሉ» አለኝ። ለእንግዳ የሚነገረው አንዱ ሌሊት ብቻ ስለሆነ የሁለቱም ጦርነት ቁስል በአንዱ ስም ይጠራል።

የዚያ ሌሊት ሥራ ራሱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አልተስማሙበትም። እስራኤላውያን መጀመሪያ «የነጎድጓድ ኳስ»፣ በኋላም በሟቹ አዛዥ ስም «ዘመቻ ዮናታን» አሉት። የአፍሪካ መንግሥታት ወረራ አሉት። በጁላይ 1976 የጸጥታው ምክር ቤት ሲከራከር ጠለፋን የሚያወግዘው የአሜሪካና የእንግሊዝ ረቂቅ ስድስት ድምፅ ብቻ አግኝቶ ወደቀ፤ እስራኤልን የሚያወግዘው የአፍሪካውያኑ ረቂቅ ደግሞ ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ። እኔ «ወረራ» ብዬ ብተረጉም ታጋቾቹን፣ «የማዳን ዘመቻ» ብል ዘበኛውን እንዳላየሁ ይሆናል፤ ስለዚህ «ድንገተኛ ጥቃት» ማለትን መርጫለሁ፤ ምንም እንኳ ቃሉ ቢቀዘቅዝም።

በአርባኛው ዓመት፣ ጁላይ 4 ቀን 2016፣ የዮናታን ወንድም ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ በዚሁ ተርሚናል ፊት ንግግር አደረጉ። ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ሲናገሩ «እስራኤል» የሚባልበትን ቦታ ደጋግመው «ፍልስጤም» አሉት፤ ተሳስተው ነው ያሉም፣ ሆነ ብለው ነው ያሉም ነበሩ። በዚያው ቀን በኢንቴቤ የአካባቢው መሪዎች ሲሰበሰቡ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝም ተገኝተው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝ የሟቾቹ አቆጣጠር ነው። የእስራኤላውያኑ ሟቾች ስም በየመጽሐፉ ሰፍሯል፤ ተገቢም ነው። የኡጋንዳውያኑ ወታደሮች ግን ቁጥር ናቸው፤ እሱም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ከ20 እስከ 45 ይለያያል። ናይሮቢ የምንኖር ደግሞ የምንረሳው ሌላ ሒሳብ አለ። አውሮፕላኖቹ በመልስ ጉዟቸው ነዳጅ የቀዱት በናይሮቢ ነበርና አሚን ብቀላውን በኡጋንዳ በሚኖሩ ኬንያውያን ላይ ተወጣ። በመቶ የሚቆጠሩ ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጓዛቸውን ጥለው ድንበር ተሻገሩ። እስራኤልን ረድተዋል የተባሉት የቀድሞው የኬንያ ሚኒስትር ብሩስ ማኬንዚ በሜይ 1978 ከአሚን ጋር ተገናኝተው ሲመለሱ አውሮፕላናቸው ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ሞቱ። በ1980 የመጨረሻ ቀን ምሽት በናይሮቢው ኖርፎክ ሆቴል የፈነዳው ቦምብም ወደ 20 ሰዎች ሲገድል የዚያው ሌሊት በቀል ነው ተብሏል።

ከ106ቱ አንዷ አዛውንቷ ዶራ ብሎክ ኮማንዶዎቹ ሲደርሱ በአዳራሹ አልነበሩም። ምግብ አንቋቸው ወደ ካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ተወስደው ነበር። በማግስቱ የአሚን ሰዎች ከአልጋቸው ጎትተው አውጥተው ገደሏቸው። የጤና ሚኒስትሩ ሄንሪ ኬምባ ከአገር ሸሽተው በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ መሰከሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ግን በ1979፣ ታንዛኒያውያኑ ያንን ማማ አልፈው ካምፓላ ከገቡ በኋላ ነው። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ተወስዶ ተቀበረ።