በሬው ሲሞት ጎተራው ስንት ወር ያኖራል?

ዩቲዩብ ላይ ለዓለም መፍረስ የሚዘጋጁ ሰዎችን ቪዲዮ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰውዬው ከቤቱ ሥር ምሽግ ቆፍሯል፤ መደርደሪያው በታሸገ ምግብ፣ በባትሪና በውሃ ጀሪካን ተሞልቷል። ግማሹ ተመልካች «አብዷል» ብሎ ይስቃል፤ ግማሹ ደግሞ «እኔ ቤትስ ምን አለ?» ብሎ ይሰጋል። ሳቁንም ስጋቱንም ወደ ጎን ብንተወው ግን ጥያቄው የምር ነው። መብራቱ፣ ገበያውና መንግሥቱ አንድ ላይ የሚቆሙበት ቀን ቢመጣ፣ አስቀድሞ መዘጋጀት ይጠቅማል ወይስ ከንቱ ድካም ነው?

ይህን ለመመለስ ፊልም ማየት አያስፈልገንም። የአያቶቻችን አያቶች አንድ ጊዜ በእውነት ደርሶባቸዋል። ስሙንም በሁለት ቃል አስቀምጠውልናል፦ ክፉ ቀን።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892) ኢትዮጵያን የመታው ረሃብ ነው። በዘመኑ የሕዝብ ቆጠራ ስላልነበረ ትክክለኛ ቁጥር የለንም። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በብዛት የሚጠቀሰው ግምት ግን የሚዘገንን ነው፤ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛው፣ ከከብቱ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ አልቋል።

ገበሬው ሳይዘጋጅ ቀርቶ ነው?

አይደለም። የደጋው ገበሬ እህል ማስቀመጥን ከማንም በላይ ያውቅበት ነበር። ደጅ ጎተራ፣ ቤት ውስጥ ጎታ፣ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበረው። ጉድጓዱ በደንብ ሲደፈን እህሉና ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ነቀዙም ታፍኖ ይሞታል። ላቦራቶሪ ሳይኖር የተገኘ ጥሩ ቴክኖሎጂ ነው። ዝናብ ላንድ ዓመት ቢዛነፍ ቤተሰቡ ከክምችቱ እየበላ ወደሚቀጥለው አዝመራ ይሻገራል።

እስኪ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል እንበል። አንድ ኪሎ እህል 3,400 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 600 ግራም፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት 3 ኪሎ ማለት ነው። በዓመት ሲባዛ ወደ 1,100 ኪሎ ይመጣል፤ 11 ኩንታል። ይህ ለዘር የሚቀመጠው፣ ነቀዝና አይጥ የሚበሉት፣ ለግብር የሚከፈለው ሳይቆጠር ነው። ለሁለት ዓመት 22 ኩንታል፣ ለሦስት ዓመት 33 ኩንታል። በማረሻና በጉልበት ለሚኖር ቤተሰብ የሦስት ዓመት ቀለብ በትርፍ ማስቀመጥ ሊታሰብ የሚችል አልነበረም።

እንግዲህ ጎተራ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ስድስት ወር፣ ሲበዛ አንድ ዓመት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ እንደገና ማረስና ማጨድ ከተቻለ ኑሮው ይቀጥላል። ክፉ ቀን የሰበረው ይህንን «ከተቻለ» የሚለውን ነው።

ደስታ የሚባል በሽታ

መጀመሪያ የመጣው የከብት በሽታ ነው። በአማርኛ «ደስታ» ይባላል፤ ስሙ ካደረሰው ጥፋት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አምጪው የኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ወደ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ1887 ጣልያኖች ለጦራቸው ወደ ምጽዋ ባመጧቸው ከብቶች ነው። የደጋው ከብት በሽታውን ለመቋቋም የሚያስችል የመከላከል አቅም አልነበረውም። ከብቱ ያተኩሰዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በቀናት ውስጥ ይሞታል። በሽታው በዚህ አላበቃም፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ አፍሪካን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

ከተማ ላደገ ሰው «ከብት ሞተ» ማለት ሥጋና ወተት ቀረ ማለት ሊመስል ይችላል። ለደጋው ገበሬ ግን በሬ ሞተሩ ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ሦስት አራት ጊዜ መታረስ አለበት። እህሉ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲወርድ የሚያበራየውም በሬ ነው። ጥንዱ ሲሞት ማሳው ጦም ያድራል።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ ቀረ፤ የ1881 ዓ.ም. አዝመራ ከሸፈ። አንበጣና ተምች የተረፈውን በሉት። ጦርነቱም አላረፈም። በጥር 1880 የማህዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጠለ። የአፄ ዮሐንስ ጦር ከሰሜን ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ መተማ ተንቀሳቀሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። በዘመኑ ሠራዊት ስንቅ የሚያገኘው ካረፈበት ገበሬ ቤት ነው። ስለዚህ ሠራዊት ያለፈበት አገር ጎተራው ባዶ ይቀራል፤ ጠንቃቃ የነበረውም ያልነበረውም እኩል ይሆናል። ረሃቡን ተከትሎ ደግሞ ወረርሽኝ መጣ፤ የተራበ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ በሽታ በቀላሉ ይዛመታል።

ሁለት ጄኔሬተር፣ አንድ ነዳጅ ታንክ

ምህንድስና ስንማር ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ይኸውና። አንድ ሆስፒታል መብራት ቢጠፋ ብሎ ሁለት ጄኔሬተር ገዛ እንበል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሁለቱ ግን ነዳጅ የሚቀዱት ከአንድ ታንክ ከሆነ ታንኩ ውሃ የገባበት ቀን ሁለቱም ይቆማሉ። ወረቀት ላይ ሁለት መጠባበቂያ ነበረ፤ በተግባር ግን ግማሽም አልነበረም። የዚህ ዓይነቱ ችግር የጋራ ሰበብ ውድቀት ይባላል።

ክፉ ቀንን በዚህ ዓይን እዩት። ገበሬው መጠባበቂያ ነበረው። እህል ቢያልቅ ከብት ሸጦ ይገዛል፤ ከብት ቢያልቅ እህል ሸጦ ይገዛል፤ ሁለቱም ቢያጥሩ ዘመድና ጎረቤት ያበድረዋል። ሦስቱም ግን በበሬው ላይ የቆሙ ነበሩ። በሽታው ሲመጣ የሚሸጥ ከብት የለም፣ የሚታረስ መሬት የለም፣ የጎረቤትም በሬ ሞቷል። ጎተራውን ሁለት እጥፍ ማድረግ ረሃቡን በጥቂት ወራት ያዘገየው ነበር እንጂ አያስቀረውም።

ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ይመስላል። ለተራበው እህል ከማከፋፈል አልፈው በሬ ሳይጠብቅ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ ሕዝቡን አዘዙ፤ ለአርአያነትም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ይህን እንደ ትርኢት ሊያየው ይችላል። ነገር ግን የእህሉ ዕደላ ጎተራ ነው፤ ያልቃል። ዶማው ከበሬ ውጪ ያለ ሁለተኛ መንገድ ነው። በዶማ የሚቆፈረው መሬት በሬ ከሚያርሰው እጅግ ያንሳል፤ ቢሆንም ከዜሮ ይሻላል።

ሌላው ጎተራ ሥር አለው

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝግጅት ነበር፤ እንሰት። እንሰት ለመብሰል እንደ አካባቢው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ነገር ግን የሚቆረጥበት ወቅት የተወሰነ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሲቸግረው ቀደም ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። ከጓሮ ያለው ተክል በተለያየ ዕድሜ ስለሚተከል ሁልጊዜ የደረሰ ይኖራል። ከተፋቀ በኋላም ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ለብዙ ወራት ይቀመጣል። በእጅ መሣሪያ ስለሚለማ በሬ ሞተ ብሎ አይቆምም። ሥሩና ግንዱ ውሃ ስለሚይዙም አጭር ድርቅን ይችላል። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» ይሉታል።

ይህ ማለት እንሰት ካለ ስጋት የለም ማለት አይደለም። እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ ደግሞ ከከብት ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት አጠውልግም ጓሮ ሙሉ ተክል ሊጨርስ ይችላል። የእንሰት ጥቅም የማይሸነፍ መሆኑ ሳይሆን፣ የሚሸነፍበት ምክንያት የጤፍና የገብስ ከሚሸነፉበት የተለየ መሆኑ ነው። ሁለቱም ያለው ቤት ነው እንግዲህ በሁለት ታንክ የሚሠራ ጄኔሬተር ያለው።

በሽታው የት ደረሰ?

የክፉ ቀን ታሪክ ብዙ ጊዜ ረሃቡ ላይ ያበቃል። ለኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀው ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው።

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ ሆኖ አስተማማኝ የደስታ ክትባት አዘጋጀ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። ችግሩ ክትባቱ ሙቀት አይወድም። ከአዲስ አበባ አፋር በረሃ ድረስ በበረዶ ሳጥን ተሸክሞ፣ መንገድ በሌለበት ተጉዞ፣ ከብት የሚያስከትል አርብቶ አደር ጋ መድረስ ከባድ ነበር። በሽታው የተደበቀውም እንዲህ ባሉ ሩቅ ቦታዎች ነው።

ቀጥሎ ተመራማሪዎች ክትባቱን የማድረቂያ ዘዴውን አሻሽለው ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ አደረጉት። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) አፋር ውስጥ ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው አርብቶ አደሮች ሠልጥነው ክትባቱን ተሸክመው ከከብቱ ጋር ተጓዙ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ደስታ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

አስቡት፤ ለክፉ ቀን ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ዛሬ ጭራሽ የለም። ይህን ያደረገ ምሽግ አይደለም። የላቦራቶሪ ሥራ፣ ድንበር የማይለየው የአገራት ትብብርና በእግሩ የሚሄድ አንድ ክትባት ሰጪ ናቸው። ለአደጋ መዘጋጀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አደጋው ከመጣ በኋላ የምንበላውን ነው፤ ይህኛው ዝግጅት ግን አደጋውን ራሱን አስቀረ።

ታዲያ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ግን የትኛው ዝግጅት ለምን እንደሚጠቅም መለየት ያስፈልጋል። የቤት ክምችት ከንቱ አይደለም፤ ለቀናትና ለሳምንታት ችግር ፍቱን ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሳይቆም ሲቀር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ለዓመታት ችግር ግን የግል ጎተራ አይበቃም። ባለ ምሽጉም ሰውዬ ቢሆን አንድ ቀን ወጥቶ ማረስ፣ መገበያየት፣ መታከም አለበት።

ለረጅሙ ችግር የሚሠራው መሣሪያውን ማትረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የኢትዮጵያ የሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማ ይኸው ነበር፤ ገበሬው በክፉ ወራት በሬውን ሽጦ እንዳይበላ ቀድሞ እህል ወይም ገንዘብ መስጠት። በሬው ከተረፈ የሚቀጥለው ዓመት አለ።

እናንተም በራሳችሁ ቤት ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። ወረቀት አውጡና በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ሁሉ ጻፉ፦ ውሃ፣ ምግብ ማብሰያ፣ ስልክ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት። ከየአንዳንዱ ጎን «ይህ የሚሠራው በምን ነው?» ብላችሁ መልሱን አስፍሩ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ምጣዱም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ስልኩም፣ በስልኩ የያዘው ገንዘብም መጨረሻቸው አንድ የመብራት ገመድ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በሬያችሁን አገኛችሁት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ሃያ ኪሎ ፓስታ ሳይሆን በመብራት የማይሠራ ምድጃ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የተሞላ ጀሪካንና በስም የምታውቁት ጎረቤት ነው። ፓስታው ከዚያ በኋላ ይገዛል።