ልክክ ጎነ ሦስቶች

ከወረቀት የተቆረጡ ሁለት ጎነ ሦስቶች ተደራርበው ጫፍ ከጫፍ፣ ጎን ከጎን ከገጠሙና ምንም ትርፍ ካልወጣ፣ በሒሳብ «ኮንግሩወንት» ይባላሉ። ቃሉ መግጠምና መስማማትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በአማርኛ «እኩል» ቢባል አይበቃም፤ መሠረቱ 6፣ ከፍታው 4 ሳንቲሜትር የሆነ ጎነ ሦስትና መሠረቱ 12፣ ከፍታው 2 የሆነው ስፋታቸው እኩል ነው፣ ቅርጻቸው ግን አይገናኝም። «ተመሳሳይ»ም መጠናቸው ለሚለያይ፣ ቅርጻቸው አንድ ለሆነ ይቀመጥ። ክዳን ድስቱን ሲገጥም «ልክክ አለ» ስለሚባል፣ «ልክክ» የተሻለ ይስማማዋል።

ጎነ ሦስት ሦስት ጎንና ሦስት ዘዌ ወይም አንግል አለው። ልክክነት የስድስቱም ከአቻቸው ጋር እኩል መሆን ነው። ሲጻፍ የፊደል ተራ ይጠበቃል፦ «ሀለመ ከበተነ ጋር ልክክ ነው» ከተባለ ሀ ከበ፣ ለ ከተ፣ መ ከነ ጋር ይገጥማል። ለማጋጠም ወረቀቱን ማዞር ብቻ ሳይሆን መገልበጥም ይፈቀዳል።

ስድስቱን ሁሉ መለካት ግን አያስፈልግም። ሦስቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ዘዌዎቹ ይከተላሉ፤ ይህ ጎጎጎ (ጎን፣ ጎን፣ ጎን) ነው። ስለዚህ የጎኖቹ ርዝመት የተወሰነ ጎነ ሦስት ቅርጹን አይለውጥም፤ አራት ማዕዘን የበር ፍሬም ግን ሲገፋ ይዛነፋል፤ አናጺው አንድ እንጨት በሰያፍ ሲመታበት ለሁለት ጎነ ሦስት ተከፍሎ ቀጥ ይላል። ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው ዘዌ ጎዘጎ፣ ሁለት ዘዌዎችና በመካከላቸው ያለው ጎን ዘጎዘ ይባላሉ፤ እነዚህም ይበቃሉ። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው ሦስቱንም አስረድቷል። ጎዘጎን ያስረዳው አንዱን ቅርጽ አንስቶ በሌላው ላይ በመደረብ ነበር። ቅርጽን «ማንሳት» ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሒልበርት የጎዘጎን ዋና ፍሬ ነገር ያለ ማረጋገጫ በመነሻነት መቀበልን መረጠ።

ሦስት ዘዌ ብቻ አይበቃም፤ ጎኖቹ 3፣ 4፣ 5 የሆነውና 6፣ 8፣ 10 የሆነው ተመሳሳይ እንጂ ልክክ አይደሉም። ተማሪን የሚያሳስተው ግን ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል ሳይሆን ሲቀር ነው። በነጥብ ሀ የሚያልፍ አግድም መስመር ይሰመር፤ ከዚያው ነጥብ በ30 ዲግሪ ወደ ላይ 10 ሳንቲሜትር ተሂዶ ለ ይደረስ። የኮምፓሱ መርፌ ለ ላይ ተተክሎ በ6 ሳንቲሜትር ሲዞር፣ እርሳሱ አግድሙን መስመር አንዴ ከሀ 5.3፣ አንዴ ደግሞ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይቆርጠዋል፤ ለ ከመስመሩ በላይ ያለው ከፍታ 5 ብቻ ነውና። ሁለቱ ጎኖችና ዘዌው ያው ናቸው፤ የሚወጡት ጎነ ሦስቶች ግን ሁለት ናቸው።

ዘዌው 90 ዲግሪ ከሆነና የኮምፓሱ ጎን ከመጀመሪያው ጎን ከረዘመ ይህ ችግር አይኖርም። ያኔም እርሳሱ መስመሩን ሁለት ቦታ ይቆርጣል፤ ነገር ግን አንዱ ከሀ በስተግራ፣ ሌላው በዚያው ርቀት በስተቀኝ ስለሚሆን፣ አንደኛው ወረቀት ሲገለበጥ በሌላው ላይ ልክክ ይላል።